ሊንኩ ያለው ሁሉ

ነገሌ ላይ ሰውን ብዙ ነገር መጠየቅ ይቻላል። ስንት ልጅ ወለድክ ቢሉት ይመልሳል። ሚስትህ ለምን ጥላህ ሄደች ቢሉት እንኳ ግንባሩን ቋጥሮም ቢሆን አንድ ነገር ይላል። ከብትህ ስንት ነው ተብሎ ግን አይጠየቅም። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ወይ ግብር ሊጥል ነው፣ ወይ ዓይኑ ክፉ ነው፣ ወይ ሊሰርቅ አስቧል፤ ሌላ ምክንያት አይኖረውም። ከመሀል አገር ተሹሞ የመጣ አንዱ ጨዋ መሳይ "አባባ፣ ስንት ከብት አለዎት?" ብሎ ሲጀምር ሽማግሌው "ኧረ ምን ከብት አለኝ ልጄ፣ አንድ ሁለት ነገር ናት" ይሉታል። አንድ ሁለት ያሏት ነገር ከጀርባቸው ሜዳውን ሞልታ ትግጣለች።

ሸዋርካብሽ ግን ትጠይቅ ነበር፤ ይነግሯትም ነበር። የጣጣው ሁሉ መነሻ ይኸው ነው።

ሸዋርካብሽ የወታደር ልጅ ናት። አባቷ ከሰሜን ሸዋ ወደ ነገሌ ጦር ሰፈር ተመድበው የመጡ፣ እዚሁም ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። እሷ እዚሁ ተወልዳ፣ ኦሮምኛውን ከገበያ ልጆች ጋር ስትሰዳደብ ለምዳ፣ ኋላ የእንስሳት ጤና ተምራ ተመለሰችና ከከብት ገበያው አጠገብ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ከፈተች። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት አትሸጥም፤ ምላሷ ግን አይጣል ነው። ለአንድ በሬ የታዘዘውን መርፌ ለሦስት ያካፈለ ሰው በደጇ ካለፈ፣ ገበያተኛው ከብቱን ትቶ እሷን እስኪያይ ድረስ ታወርድበታለች። የተሰደበውም ሰውዬ ይስቅና ሌላ ቀን ተመልሶ ይመጣል።

በጆሮዋ መናገር የጀመሩት አባ ጃልዴሳ ናቸው። የከብት ሳንባ በሽታ በገባበት ዓመት ሸዋርካብሽ እሳቸው መንደር ድረስ ሄዳ "አባ፣ ክትባት ላስመጣ ነው። በግምት ባመጣ ወይ ይጎድላል፣ ወይ በሙቀቱ ተበላሽቶ ይጣላል። ስንት እንደሆኑ ይንገሩኝ" አለቻቸው። ሽማግሌው ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ልጆቻቸውን "ሂዱ ጥጆቹን እዩ" ብለው አባረሩና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብለው ቁጥሩን ነገሯት። ድምፅ እንዳይመስላችሁ፣ ትንፋሽ ብቻ ነው።

"ይህን ከዋቃና ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም" አሏት። "የወለድኳቸውም አያውቁ።"

ክትባቱ በልኩ መጣ። የጎረቤት በረት ሲራቆት የሳቸው ከብት ተረፈ። ከዚያ ወዲያ "ለሸዋ ይነገራል" ተባለና ሌላውም አንዱ አንዱን እያየ ይመጣ ጀመር። ቁጥሩን ብቻ አይደለም የሚነግሯት። በበጋ ወዴት እንደሚሄዱ፣ መንጋውን መቼ እንደሚከፍሉት፣ በየትኛው ኤላ እንደሚያጠጡ ሁሉ ነው። ኤላ ማለት ጎበዛዝቱ ከታች እስከ ላይ በመሰላል ቆመው ውሃውን እየተቀባበሉ የሚያወጡበት ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ የአያት ቅድመ አያት እጅ የቆፈረው ስለሆነ እንደ ርስት ይቆጠራል። አባ ጃልዴሳማ ሸዋርካብሽን "ልጄ" ነበር የሚሏት። አባቷ የሞቱ ጊዜ ከገጠር ድረስ መጥተው ከለቅሶው ድንኳን ሳይነሱ ሰንብተዋል። እሷም ከአባቷ በኋላ የምትፈራውም የምትወደውም እሳቸውን ነበር።

ሥራው ሲሰፋ ጭንቅላት አልበቃ አለ። ፊልቱ፣ ሜጋና ሞያሌ ላይ መድኃኒት የሚያደርሱላት ወኪሎች ያዘች፤ የነገሯትንም ሁሉ በስልኳ መጻፍ ጀመረች። ታዲያ አንድ ቀን ፍየሎች ስታስረጭ ስልኳ የመዥገር መድኃኒት የተበጠበጠበት በርሜል ውስጥ ገባ። ፍየሎቹ ከመዥገር ዳኑ፣ ስልኩ ሞተ። ያ ሁሉ የተጻፈ ነገር አብሮ ሄደ፤ ሸዋርካብሽም እንደገና ደጅ ለደጅ እየዞረች ሽማግሌዎቹን ያንኑ ነውር ጥያቄ ልትጠይቅ ሆነ። አንዳንዱ "ነግሬሽ አልነበር? ምን አደረግሽው?" ብሎ ተቆጣት።

የታናሽ እህቷ ባል ልዑልቃል ይህን ሰማና ሳቀባት። ልዑልቃል በአንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ የሚቆም ጨዋ ሰው ነው።

"ክላውድ ላይ እናስቀምጠው" አላት። "ስልክሽ ቢሰበር፣ ሱቅሽ ቢቃጠል፣ ጽሑፉ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ይጠብቅሻል።"

"ሌላ ቦታ የት?"

"የት እንደሆነ እኔም አላውቅ። ቁልፉ ግን አንቺ እጅ ነው።"

"ቤቱን ሳላውቀው ቁልፉን ምን ላደርገው ነው?" ብላ አፌዘችበት። አፌዘች እንጂ ወደደችው።

ልዑልቃል ሲሠራላት በደንብ ነው የሠራው፤ ሰው አይታማ። የፊልቱው ወኪል የፊልቱን ብቻ ያያል፣ የሞያሌው የሞያሌን፣ የሜጋው የሜጋን። ለመግባት ፓስወርድ አለው። በዚያ ላይ በየጊዜው ወደ ሸዋርካብሽ ስልክ ኮድ ይላካል፤ ያንን ኮድ ካልነገረቻቸው አይከፈትም። "የምናምነው ሰውን ሳይሆን አሠራሩን ነው" አላት። እሷ ደግሞ "እኔ የማምነው ሰው ነው፤ ብረት አላምንም" አለች።

እንግዲህ የሜጋው ወኪሏ ቡሌ ይባላል። ከእግዜር በታች እሱን የሚያህል ታማኝ የለም። ቦረና ነው፤ ቦረና ደግሞ ሰላምታን በአጭሩ አያውቅም፤ የሁሉን ናጋ፣ የሁሉን ሰላም፣ ሳይጠይቅ አያልፍም። በአጭር ሰላም ያለ ሰው ክፉ ወሬ ይዟል ማለት ነው። ኮዱ ደግሞ እሳት ላይ እንደተጣደ ወተት ነው፣ ትንሽ ዘወር ካሉ ወተቱ ይገነፍላል፣ የኮዱም ጊዜ ያልፋል።

"አካም እትዬ ሸዋ? ናጋ?"

"ናጋ ነው ቡሌ። ኮዱ መጥቷል፣ ጻፍ፣ ሰባት..."

"ቤቱ ናጋ? ልጆቹ ናጋ? ከብቱስ?"

"ከብት የለኝም እኮ! ሰባት፣ አራት..."

"ዝናቡስ? ወደዚያ ደመና ታየ? ጎረቤቶችሽ ናጋ ናቸው?"

ሰላምታው ሲያልቅ ኮዱም አልቋል። እንደገና ይላካል፣ እንደገና ይደወላል፤ ኔትወርኩ ይቋረጣል፤ ሲመለስም ቡሌ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ሰላምታ ከመሀል አይቀጠልማ። ሸዋርካብሽ ስንት ጊዜ በሳቅ ፈርሳለች፣ ስንት ጊዜ ስልኩን ልትወረውር ምንም አልቀራት።

ልዑልቃል "ሜጋ ስወርድ ለቡሌ የራሱን መግቢያ እከፍትለታለሁ፣ ኮዱ በራሱ ስልክ ይመጣለታል። እስከዚያ ታገሺ" አላት። ሸዋርካብሽና ትዕግሥት ግን ተዋውቀው አያውቁም። ክትባቱ በመንገድ ላይ ነው፣ በረዶው እየቀለጠ ነው፣ ቡሌ የሜጋን ሰዎች ቁጥር ማየት አለበት። ሱቋ ውስጥ ቁጭ ብላ ያንን ነገር በስልኳ ስትነካካ ስትነካካ አንድ ምርጫ አገኘች። "ሊንኩ ያለው ሁሉ ማየት ይችላል" ይላል። ፓስወርድ የለ፣ ኮድ የለ። የፊልቱን፣ የሜጋንና የሞያሌን አንድ ላይ ጠቀለለችው፤ ምርጫውን ነካችና ሊንኩን ለሦስቱም ወኪሎች ላከች። "ኡፎይ!" አለች። ቡሌም በዚያው ቀን ደውሎ ሙሉውን ሰላምታ አቅርቦ፣ ቤት ጎረቤቱን ጠይቆ ሲያበቃ "ተከፈተ!" አላት።

ልዑልቃል ኋላ ሲያውቅ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ሸዋዬ፣ ምን አደረግሽ? ይህ እኮ የሰው ገመና ነው! ማን ምን ያህል እንዳለው፣ የት እንዳስቀመጠው፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ሁሉም አንድ ቦታ ተዘርግቷል።"

"ሊንኩ ያለው የኔ ሰው ብቻ ነው።"

"ዛሬ። ነገስ? ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ አሁኑኑ እንዝጋው።"

"ክትባቱ ይለቅና እዘጋዋለሁ አልኩህ! እኔ የማላውቀው ሰው አለ እንዴ እዚያ ውስጥ?"

ክትባቱ አለቀ። አልዘጋችውም። ረስታው እንዳይመስላችሁ፤ ተመችቷት ነው። የሚመች ነገር ነገ ይዘጋል እየተባለ እንደተከፈተ ነው የሚኖረው።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። የሚቀጥለውም ቀረ። አገሩ አመድ መሰለ። አባ ጃልዴሳ እንደ አባቶቻቸው ብልሃት መንጋውን ከፈሉት፤ ደካማውን መንደር አስቀሩና ዘር የሚሆኑትን ጊደሮች ከመንገድ ርቆ፣ በሜጋ በኩል ካለው ኤላቸው አጠገብ አንድ ሸለቆ ውስጥ ደበቋቸው። ጠባቂዎቹ የመጨረሻ ልጃቸውና አንድ ዘመድ ብቻ ነበሩ። ሰው ከበዛ ይታወቃል ብለው ነው። ቦታውን የሚያውቁት ቤተሰቡና ሣር በአይሱዙ ያመላለሰላቸው አማቻቸው ሀምዛ ናቸው። ሸዋርካብሽም ታውቃለች፤ መድኃኒት የላከችው እሷ ናት። ቡሌ መድኃኒቱን አድርሶ ሲመለስ፣ እንደ ደንቡ፣ ቦታውንም ቁጥሩንም ጠባቂዎቹንም አንድ ሳያስቀር ጽፎ አስገባው።

ሌቦቹ በጠራራ ፀሐይ መጡ። መንደሩ ያለውን ከሲታ ከብት ዞር ብለው አላዩትም። በቀጥታ ሸለቆው ድረስ፣ ያውም ዘመድየው ወደ ኤላው ሄዶ ልጁ ብቻውን በቀረበት ሰዓት ነው የደረሱት። ጊደሮቹን ሰብስበው ወደ ድንበር ነዷቸው። ልጁ ዱላውን ይዞ ፊት ለፊት ቆመባቸው፤ እግሩን ሰበሩት። ዛሬም ድረስ ያነክሳል።

ነገሌ ገበያ ላይ ወሬው እንደደረሰ የሁሉም አፍ አንድ ቃል ያዘ፣ "የነገራቸው አለ" ይላል። ይህን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የነገራቸውስ ማን ነው? ወንዶች ልጆቻቸው አይሆኑም። ዘመድየው የራሱም ጊደሮች ሄደውበታል። ሸዋርካብሽንና ቡሌንማ የሚጠረጥር የለም። የቀረው ሀምዛ ነው፤ የፊልቱ ሰው፣ ሾፌር፣ ሞያሌ የሚመላለስ፣ ከሁሉ ጋር የሚስቅ። ከውጭ የመጣ አማች ደግሞ ነገር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታይ ሰው ነው። ይህ የትም አገር ያለ ግፍ ነው።

ሸዋርካብሽ "ያውም የት እንዳሉ፣ ማን እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበር አሉ" ሲባል ሰማች። ሱቋን እንደተከፈተ ትታ ጓሮ ገባችና ሜጋ ደወለች።

"አካም እትዬ ሸ..."

"ቡሌ፣ ሰላምታውን ተወው!"

"ማን ሞተ?" አላት በፈራ ድምፅ።

"ሊንኩን ለሰው ሰጥተሃል?"

"የምን ሰው?"

"እኔ እንጃ! ለማንም! ለማታውቀው ሰው ልከሃል ወይ?"

ቡሌ ነውር እንዳልሠራ ሰው ረጋ ብሎ ተረከላት። አንድ መንገደኛ መጥቶ ነበር። ከብት ነጋዴ ነኝ ያለ፣ ኮንትራት መኪና የያዘ፣ ጨዋ ሰው። በደንብ ሰላም አለው፣ ቤቱን ጠየቀው፣ ከብቱን ጠየቀው። ከዚያ ወሬ ጠየቀው፤ ሣር የት አለ፣ ውሃ የት አለ፣ ማን የት ሰፈረ፣ አገሩ እንዴት ነው?

"ታዲያ መንገደኛ ወሬ ጠይቆ ይከለከላል እንዴ እትዬ ሸዋ? እኔስ ነገ መንገደኛ አይደለሁም? የማውቀውን ነገርኩት። የፊልቱንና የሞያሌን አላውቅም፣ ለምን ልዋሽ? 'ይኸው ሁሉም እዚህ አለ፣ አንተው እየው' ብዬ ሊንኩን ላክሁለት። በጣም አመሰገነኝ።"

ሸዋርካብሽ ምን ልትለው ትችላለች? የሰውዬውን ቁጥር ተቀብላ ደወለች፤ ዝግ ነው። እስከ ዛሬ ዝግ ነው።

ልዑልቃል መጥቶ ያንን ነገር ከፍቶ አየው። ስም የሌላቸው ሰዎች ሲገቡበት ከርመዋል። ስንት እንደሆኑ፣ ምን እንደወሰዱ አይታወቅም። ዘጋው። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለች ሸዋርካብሽ።

"አሁን ዝም በይ" አላት ልዑልቃል።

"ምን?"

"ማን ሊያውቅ ነው? እነሱ ሊንክ ምን እንደሆነ አያውቁም። ብትናገሪ ሱቅሽ ተዘጋ፣ አንቺም አለቀልሽ። የሠራሁልሽ ደግሞ እኔ ነኝ፤ መሥሪያ ቤቴ ቢሰማ እኔም..." አልጨረሰውም።

"ሀምዛስ?"

"ሀምዛ ካላደረገው እግዚአብሔር ያወጣዋል።"

"አንተ ነህ ይህን የምትለኝ? እሑድ እሑድ መድረክ ላይ የምትዘምረው አንተ?"

ልዑልቃል መሬት መሬት አየ። እሱም ፈርቶ ነው፤ ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር እሷም ምክሩን ጠላችው እንጂ አልጣለችውም። ያን ዕለትም፣ በማግሥቱም ዝም አለች። ሱቋ ውስጥ ቆማ መድኃኒት እየሸጠች፣ ደንበኛው "ያን ከሃዲ ሀምዛን አየሽው?" ሲላት አንገቷን እየነቀነቀች ዝም አለች። በራሷ አፈረች። አፍራም ዝም አለች።

ዝምታዋን የሰበረችው ዱረቲ ናት። ዱረቲ የአባ ጃልዴሳ ልጅ፣ የሀምዛ ሚስት ናት። ሕፃን አዝላ ሱቁ መጣችና ባንኮኒውን ይዛ ቆመች።

"ነገ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ" አለች። "ሀምዛ ሌባ ከተባለ አባቴ ከሱ ያስፈታኛል። ልጆቼን ይዤ ልመለስ ነው። እትዬ ሸዋ፣ አባቴ አንቺን ይሰማል። ሀምዛ አላደረገውም በይልኝ።"

"እንዴት አወቅሽ ቢሉኝስ?"

"አውቃለሁ በያቸው። ሌላ ምን ይባላል?"

ዱረቲ የመጣችው ሸዋርካብሽን ስለምታምናት ነው፤ በዓለም ላይ ሀምዛ ንጹሕ መሆኑን በእርግጥ የምታውቀው ሴት ፊቷ እንደቆመች አታውቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለች ሴት እንዲህ ናት፤ አሁን ደግሞ የሌላ ሰው ትዳር ሊጣል ነው። "እመጣለሁ" አለቻት።

ሽማግሌዎቹ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ግራር ሥር ተቀመጡ። ሀምዛ የመኪናውን ቁልፍ በእጁ እያገላበጠ ቆሟል፤ ሲምል ሲገዘት ድምፁ ተዘግቷል። ቡሌም ከሜጋ መጥቷል፤ ሸዋርካብሽ ናት ና ያለችው። አባ ጃልዴሳ ዱላቸውን ተደግፈው ከመሀል ተቀምጠዋል። በዚያ ሰሞን በጣም አርጅተዋል።

ሸዋርካብሽ እንድትናገር ፈቃድ ጠየቀች፤ ተፈቀደላት። በኦሮምኛ ነው የተናገረችው፣ ቆማ፣ ነጠላዋን አጣፍታ።

"ሀምዛ አልተናገረም። ከብቶቹን ለሌቦቹ ያሳየሁት እኔ ነኝ።"

ጉርምርምታ ተነሣ። አባ ጃልዴሳ ዱላቸውን ከፍ አደረጉና ጸጥ አለ።

"ሸጥሽን?" አሏት።

"አልሸጥኩም አባ። የነገሩኝን ሁሉ ጽፌ ሩቅ ቦታ አስቀመጥኩት። በር ነበረው፤ በሩን እኔው ከፈትኩት፣ ለሥራ እንዲመቸኝ ብዬ። ዝጊው ተብዬም ነበር፣ አልሰማሁም። መንገዱን ያወቀ ሁሉ ገብቶ ሊያይ ይችል ነበር። መንገዱን ደግሞ አንድ መንገደኛ አወቀ።"

ቡሌ ከተቀመጠበት ተነስቶ "መንገዱን የነገርኩት እኔ ነኝ" አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወሬ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ እያለ ያለቅሳል። ከሽማግሌዎቹ አንዳቸውም አልተቆጡትም። ተነስተው ይዘው አስቀመጡት።

"እሱ ያደገበትን ነው ያደረገው" አሉ አባ ጃልዴሳ። "ወሬ ሲጠየቅ ተናገረ። እኔም ብሆን እነግረው ነበር። እሱ እጅ መግባት ያልነበረበትን ነገር እሱ እጅ ማን አስገባው?"

ሸዋርካብሽ "እኔ" አለች።

ሽማግሌው ወደ ሀምዛ ዞሩ። ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ እሳቸው አማት ሆነው ሳለ፣ በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቁት። ሀምዛ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር፤ እውነት ተናገረች፣ ሰው ዳነ፣ ተባርከን ወደየቤታችን ሄድን ይባል ነበር። አላበቃም።

"አሁን አጥፊን" አሏት አባ ጃልዴሳ። "ከዚያ ካስቀመጥሽበት ቦታ ሁላችንንም አጥፊን። እዚሁ፣ እያየን።"

ስልኳን አወጣች። የአባ ጃልዴሳን ስም፣ ከዚያም የሌላውን፣ ከዚያም ሁሉንም አጠፋች። ዓመታት በጆሮዋ የተነፈሱላት ነገር በአንድ ጣት ሄደ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው ስክሪኑን ያያሉ።

"ጠፋ?"

"ከኔ ጠፍቷል።"

"ከሌባውስ?"

እዚህ ላይ መዋሸት ትችል ነበር። "አዎ አባ፣ ጠፍቷል" ብትላቸው የሚያጣራ የለም። ልዑልቃል ቢሆን እንዲህ በይ ይላት ነበር። ሽማግሌውም ደስ ብሏቸው ወደ ኤላቸው ይመለሱ ነበር፤ ሌቦቹም እንደገና ይመጡባቸዋል።

"እሱ ጋ አለ አባ። እሱ የሰጠውም ጋ አለ። እኔ ላጠፋው አልችልም።"

"መልሰሽ ሰብስቢልን" አሉ፤ ሲለምኗት ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

"አይሰበሰብም" አለች። አለቀሰች።

አባ ጃልዴሳ ቀና ብለው አዩዋት። የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ ቢቆጧት ትወድ ነበር፣ ቢረግሟትም።

"ሌባ እንኳ ለማን እንደሸጠ ያውቃል" አሉ። "እኔ ላንቺ ነገርኩሽ። አንቺ ለማን እንደነገርሽ አታውቂም።"

ከዚያ ወደ ወንዶች ልጆቻቸው ዞረው የቀሩትን ከብቶች ከኤላው እንዲያነሱ አዘዙ። አያታቸው የቆፈረው፣ እሳቸው ልጅ ሆነው መሰላሉ ላይ ቆመው ውሃ የተቀባበሉበት ጉድጓድ ነው። ቦታው ታውቋል፤ የታወቀ ቦታ ላይ ከብት አይቆምም። በስተርጅና ሰው ወደማያውቃቸው፣ እሳቸውም ሰው ወደማያውቁበት አገር ሊሰደዱ ነው። ስብሰባው በምርቃት ተዘጋ፤ ዝናብ ይዝነብ፣ ሣር ይብቀል፣ ሰላም ይሁን ተባለ። ሸዋርካብሽ እጇን ዘርግታ ከሁሉ ጋር ምርቃቱን ተቀበለች። ስትሄድ "ልጄ" ብሎ የጠራት የለም።

ሱቋ አልተዘጋም። ሰው ይመጣል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ይሄዳል። በጆሮዋ የሚተነፍስላት ግን የለም። ስትጠይቅ "አንድ ሁለት ነገር ናት" ይሏታል፤ ወደ ሰማይም ያያሉ። ያቺ ትሰድባቸው የነበረችውም ሴት ቀርታለች፤ ዝም ብላ ትሰጣለች።

ዝናቡ መጥቶ አገሩ አረንጓዴ በለበሰ ጊዜ ሀምዛ አይሱዙውን ደጇ ላይ አቆመ። የመንጋ የትል መድኃኒት በካርቶን ፈለገ። ለማን እንደሆነ አልተናገረም፤ እሷም ገብቷታል።

"እትዬ ሸዋ፣ አንቺ ባትኖሪ ቤቴ ፈርሶ ነበር" አላት። "ዱረቲም ሰላም ብላሻለች።"

"ልጆቹ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው።"

"አባስ? አባ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው፣ ይመስገነው።"

ካርቶኑን አወረደች። ልትጠይቀው አልነበረም፤ አንደበቷ ቀደማት። "ወዴት ገቡ?"

ሀምዛ አልተቆጣም። የመኪናውን ቁልፍ ይዞ መሬት መሬት አየ፤ በሷ ምክንያት ስሙ የነጻ ሰው ነው፤ ውለታዋን ያውቃል።

"አትጠይቂኝ እትዬ" አላት። "ብነግርሽና ነገ አንድ ነገር ቢሆን፣ ተናገረ የሚሉት እኔን ነው።"

"እውነትህን ነው" አለችው። ካርቶኑን አሽጋ ሰጠችው። ሞተሩ ሲነሳ፣ መኪናው በየት በኩል እንደሚታጠፍ ላለማየት ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች።